ኦሪጅናሉን ቶምና ጄሪ ገዛሁ፣ ግን ሙዚቃው ወፈረብኝ። ዲስኩ ነው ወይስ ጆሮዬ?

#1 ቢጫ_ካሴት

ሰላም ለቤቱ። ሁሌ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ። አትሳቁብኝ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፣ 6 እና 4 ዓመታቸው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የቶምና ጄሪ ዲቪዲ አገኘሁ። ኮፒ አይደለም፣ ኦሪጅናል ነው፣ ሣጥኑም ደህና ነው። ሦስት ዶላር። ማታ ፈንዲሻ ይዘን ቁጭ አልን።

ምስሉ ጥርት ብሏል። ግን ገና ሙዚቃው ሲጀምር ቅር አለኝ። ወፈረብኝ። ዘገየብኝ። ቶም ጣቱ ተቀጥቅጦ ሲጮህ እንኳ የማውቀው ጩኸት አይደለም፣ ሸምገል ያለ ሰው የሚጮህ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ «ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው» ትላለች። እኔ ግን እምላለሁ፣ አለው። ያንን ካሴት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ካሴቱን ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አክስቴ ከዱባይ ያመጣችልን ነው። አባቴ ቢጫ ወረቀት ለጠፈበትና በእስክሪብቶ «የልጆች። እንዳይቀዳበት» ብሎ ጻፈ። ተቀዳበት። የ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር) ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያመራ አጎቴ ባዶ ካሴት አጣና ያገኘውን ዴኩ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ካርቱን መሃሉ ላይ ይቆረጥና አረንጓዴ ሜዳ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጣሊያኑ ባጆ ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካታል።

የተቆረጠው ካርቱን እንዲህ ነው። ሴትዮዋ፣ ያቺ እግሯ ብቻ የሚታየው፣ ወለሉን ወልውላ ትጨርስና ቶምን «ስመለስ አንዲት ጉድፍ ባይ ከዚህ ቤት ወጪ ነህ» ትለዋለች። ጄሪ ይሄን ይሰማል። እሱ ያቆሽሻል፣ ቶም ይጠርጋል፣ እሱ ያቆሽሻል፣ ቶም ይጠርጋል። ከዚያ የከሰል መኪና ይመጣል። ጄሪ ከሰሉ የሚወርድበትን ነገር ወደ ሳሎን መስኮት ያዞረዋል... ባጆ።

መጨረሻውን እስከዛሬ አላየሁትም። የገዛሁት ዲስክ ላይም ይሄ ካርቱን የለም። እና ሁለት ጥያቄ፦ ሙዚቃው ለምን ወፈረ? ያ ካርቱንስ የቱ ነው?

#2 ጌታው_ዴክ

ዲስኩ ጤነኛ ነው። ጆሮህም ጤነኛ ነው። ችግሩ ካሴቱ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ ዴክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ከዲያስፖራ ስሰማ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ነገሩ ቀላል ነው። ፊልም ሲኒማ ቤት በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው። እኛ አገርም፣ ዱባይም፣ አብዛኛው አውሮፓም የለመደው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን አሠራር ግን በሰከንድ 25 ነው። ታዲያ ሃያ አራቱን ወደ ሃያ አምስት ለማምጣት ምን ይደረጋል? ፊልሙን በ25 ማስኬድ ነው፣ አለቀ። 4 በመቶ ይፈጥናል። ዓይን አይነቃበትም። ድምፁ ግን አብሮ ስለሚፈጥን ይቀጥናል። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ነጭ ወደ አጠገቡ ጥቁር ለመድረስ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ወደ ላይ ይወጣል።

አሜሪካኖቹ ኤንቲኤስሲ ነው የሚጠቀሙት፣ በሰከንድ 30 ገደማ። ከ24 እስከ 30 ማፍጠን ስለማይቻል ከየአራቱ የፊልም ምስል አምስት የቪዲዮ ምስል እየሠሩ ያሟሉታል። እንቅስቃሴው ላይ ትንሽ መንገጫገጭ አለ እንጂ ፍጥነቱም ድምፁም እንደ ሲኒማው ነው። ስለዚህ ያሁኑ ዲስክህ ነው ትክክለኛው። የ7 ደቂቃ ካርቱን በፓል 17 ሰከንድ ያህል ያጥራል። የልጅነትህ ቶም እየቸኮለ ነበር።

ካላመንክ ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ክፈተውና ፍጥነቱን 1.04 አድርገው። ግን ድምፁን እንዳይቀጥን የሚያስተካክለውን ምርጫ አጥፋው፣ አለዚያ ምንም አይታወቅህም።

ሌላው፣ አባትህ ከሚጽፉበት ከካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ቢሰብሯት ኖሮ ዴኩ አይቀዳበትም ነበር።

#3 ፒያሳ_ልጅ

ቆይ ቆይ። ስለዚህ ልጅነታችን በሙሉ 4 በመቶ ፈጥኖ ነው ያለፈው? ሃሃሃ፣ ጠርጥሬ ነበር።

ጋሼ ዴክ ይኑሩልን። እኔ በካሴት ዘመን ትንሽ ነበርኩ፣ የኔ የቪሲዲ ነው። እነዚያን «100 በ1» የሚሉትን ታስታውሳላችሁ? ሽፋኑ ላይ ቶም፣ ውስጡ ቶም፣ ሚኪ፣ ፖፓይ፣ አንዳንዴ ማንም የማያውቀው የቻይና ጦጣ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ያ ለየት ያለው ቶምና ጄሪ ነበር። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ የሚመስለው፣ ሰውዬው ቶምን ሲያሰቃየው ፊቱ ቲማቲም የሚሆነው። እሱ ደግሞ ምንድነው? ሕጋዊ ነው ወይስ አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራው?

#4 ሰብሳቢው

ሁለታችሁንም ልመልስ፣ ረጅም ነው፣ ቡና ያዙ።

መጀመሪያ ፒያሳ። ሕጋዊ ነው። ቶምና ጄሪን የፈጠሩት ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው፣ ኤምጂኤም የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከ1940 እስከ 1958፣ 114 ካርቱን። ሰባት ኦስካር የወሰዱት እነዚህ ናቸው። ኤምጂኤም የካርቱን ክፍሉን በ1957 ዘጋው። ከዚያ ጂን ዳይች የሚባል አሜሪካዊ ፕራግ ላይ ሆኖ 13 ሠራ፣ በ1961 እና 62 ወጡ፣ ገንዘብም የለ፣ ቼኮቹ ሠዓሊዎች ደግሞ የድሮውን ያዩት ጥቂት ብቻ ነው። ያ የጉድጓድ ድምፅ የዚያ ነው። ቀጥሎ ከ1963 እስከ 67 ቸክ ጆንስ 34 ሠራ፣ ቅንድቡ ወፍራም የሆነው ቶም የሱ ነው። የሁለቱም በዲቪዲ ለየብቻ ወጥቷል፣ የጆንስ በ2009፣ የዳይች በ2015። የዳይችን በግድ ውደዱ አልልም፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ ሌሊት ብቻህን ስታየው የሆነ ሕልም ነገር አለው።

አሁን ቢጫ_ካሴት። ወንድሜ፣ የጠየቅከው ካርቱን «ማውስ ክሊኒንግ» ይባላል። 1948። እና ስቀህ ታለቅሳለህ፣ ምክንያቱም ከ114ቱ ውስጥ ሰብሳቢዎች ሃያ ዓመት ሙሉ የተጣሉበት እሱ ነው። አጎትህ የቀዳበት ቦታ ደግሞ ጠቡ ያለበት ቦታ ነው።

እንዲህ ነው። አሁን የካርቱኖቹ ባለቤት የሆነው ዋርነር በ2004 ስፖትላይት ኮሌክሽን የሚል ዲቪዲ ጀመረ፣ ሁለተኛው በ2005፣ ሦስተኛው በ2007። በሦስቱ 114ቱ ያልቃሉ ብለን ስንጠብቅ ሁለት ካርቱን ጎደለ፣ አንዱ ያንተው፣ ሌላው የ1951ዱ «ካሳኖቫ ካት»። ተናደድን፣ አለፈ። በ2011 ደግሞ ጎልደን ኮሌክሽን ብለው በብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዘው ዲስክ) እንደገና ጀመሩ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል፣ ሳይቆረጥ፣ ምስሉ ታጥቦ። አንደኛው ቅጽ 37 ካርቱን ይዞ አለቀ። 38ኛው ማን ነው? ማውስ ክሊኒንግ! ልክ ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁለተኛው ቅጽ ለ2013 ክረምት ታወጀ፣ ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለቱም የሉም። የዚያን ጊዜ ሰው ተነሳ፣ ቀድሞ ያዘዘው ትዕዛዙን ሰረዘ፣ መሸጫ ገጾቹ ላይ ገና ያልወጣ ዲስክ አንድ ኮከብ እየተሰጠው ተደረደረ። ዋርነር ደግሞ እንደመጨመር ቅጹን ራሱን አስቀረው። በቃ። ከ12 ዓመት በላይ አንደኛው ቅጽ መደርደሪያዬ ላይ ብቻውን ቆሞ «ቅጽ 1» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር።

እስከ 2025 ታኅሣሥ። ለ85ኛ ዓመታቸው 114ቱንም በአንድ ሣጥን በብሉሬይ አወጡት፣ ሁለቱም አሉበት። ስለዚህ መጨረሻውን ማየት ከፈለግክ አሁን ይቻላል። ግን ምን እንደምታይ አስቀድመህ እወቅ። የሚቀጥለው ሰው ይንገርህ፣ እኔ ጣቴ ደከመ።

#5 የሩት_እናት

እሺ፣ እኔ ልንገረው።

የከሰሉ ጎርፍ ሴትዮዋን ይዟት ከቤት ይወጣል። ስትነሳ ቶም ከከሰሉ ውስጥ ጭንቅላቱን ያወጣል፣ ፊቱ ጥቁር ሆኗል፣ ከንፈሩ ተልቋል። አላወቀችውም። «አንድ ድመት አላየህም?» ትለዋለች። እሱም ያኔ ነጮች ጥቁር ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው ብለው በሚያሾፉበት ለዛ፣ ጎተት እያለ መልሶላት እየተጎተተ ይሄዳል። ቀልዱ ይሄ ነው። በሌላኛው የጎደለ ካርቱን፣ በካሳኖቫ ካት፣ ደግሞ ቶም ጄሪን በሲጋራ ጭስ ፊቱን አጥቁሮ በጋለ ነገር ላይ ያስጨፍረዋል።

እኔ ሲያትል ነው የምኖረው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። የድሮውን ዲስክ ይዤ አብረን ስናይ «ማሚ፣ ይቺ ሴትዮ ለምን ፊት የላትም? ለምን እንዲህ ነው የምታወራው?» አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ ስናይ በጭራሽ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሴትዮዋ ለኛ ሠራተኛ ወይ የቤት እመቤት ነበረች፣ መጥረጊያ ያላት ተቆጪ፣ የሁላችንም አክስት። ጥቁር መሆኗን እንኳ ልብ ያልኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ልጄ ግን ክፍሏ ውስጥ ጥቁር እሷና ሌላ አንድ ልጅ ብቻ ናቸው። እሷ ስታየው ሌላ ካርቱን ነው የምታየው።

ስለዚህ «ለምን ቆረጡብን» ብላችሁ ስትጮኹ ቀስ በሉ ለማለት ነው። አንዳንዶቻችን ልጅ አጠገባችን አለ።

#6 ሰብሳቢው

የሩት እናት፣ ልክ ነሽ፣ አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ሴትዮ ድምጿ የሊሊያን ራንዶልፍ ነው፣ ጥቁር ተዋናይ፣ በሬዲዮም በፊልምም የታወቀች። ለ1960ዎቹ ቴሌቪዥን ግን በአንዳንዶቹ ላይ ሴትዮዋን ነጭ አድርገው እንደገና ሳሏት፣ የአየርላንድ ለዛ ያለው ድምፅ ሰጧት። በ1990ዎቹ ደግሞ የራንዶልፍን ድምፅ አውጥተው በሌላ ጥቁር ተዋናይ፣ በቲያ ቪዳል፣ ለዛውን አለሳልሰው ተኩት። አየሽ፣ «ለማሻሻል» ሲባል መጀመሪያ የጠፋችው ያቺ አንድ ጥቁር ሴት ነች፣ ሥራዋም ድምጿም። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

#7 የሩት_እናት

ገባኝ። ለዚህ ነው እኔም ይቃጠል ያላልኩት። ሳይቆረጥ ይውጣ፣ በሣጥኑ ላይ ይጻፍበት፣ እኔ ደግሞ መቼ እንደማሳያት ልወስን። የማልፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ቆርጠው «ይሄው ሙሉው» ብለው መሸጣቸውና ሳይነግሩኝ ለ5 ዓመት ልጅ ማቅረባቸው።

#8 ጥንቸሉ_ይበልጣል

ሁላችሁም ስለ ድመት ታወራላችሁ፣ ጥንቸሉን ረስታችሁ። የሩት እናት የምትለውን እኮ ዋርነሮች ሉኒ ቱንስ ላይ፣ ጥንቸሉ በግስ ባኒ ባለበት የካርቱን ስብስብ፣ አድርገውታል። የሉኒ ቱንስ ጎልደን ኮሌክሽን ከ2003 እስከ 2008፣ በየዓመቱ አንድ፣ ስድስት ቅጽ፣ እያንዳንዱ አራት ዲስክ። የመጀመሪያው ብቻ 56 ካርቱን ነበረው። ሦስተኛው ላይ፣ በ2005፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ተዋናይ ዉፒ ጎልድበርግ ራሷ ወጥታ ታወራለች፤ እነዚህ ቀልዶች ያኔም ስሕተት ነበሩ ዛሬም ስሕተት ናቸው፣ ግን ማውጣት ማለት እንዳልነበሩ ማስመሰል ነው የሚል መልዕክት ነው ያላት። ከዚያ በኋላ ለመጡት ቅጾች በጽሑፍ አስቀመጡት። ይሄ ክብር ነው። ያየው ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃል።

እውነት ለመናገር ዋርነርም ድንበር አለው። «የታገዱት 11» የሚባሉ አሉ፣ በ1968 ለቴሌቪዥን እንዳይሰጡ የተወሰኑ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረኛ ስለሆኑ ቆርጦ ማዳን የማይቻል። እነሱን አንድ ላይ ሰብስበው እስከዛሬ አልሸጡም።

በነገራችን ላይ በግስ ባኒ ከቶም ይበልጣል። ተከራከሩኝ።

#9 ፒያሳ_ልጅ

አንከራከርም፣ ትበልጣለህ ስንልህ ደስ ካለህ። ግን ፒያሳ ላይ በግስ ባኒን ማን ያውቀዋል ጀለስ? ያወራል እኮ፣ ያውም በፈጣን እንግሊዝኛ፣ ካሮት እየቆረጠመ። ቶም አያወራም። አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ቶምን አይታ ዓይኗ እስኪያነባ ትስቅ ነበር። ዲሽ ሲገባም በዓረብ ቻናል አየነው፣ ምንም የጎደለብን ነገር የለም። ትርጉም የማያስፈልገው ነገር እሱ ብቻ ነው።

እኔ የማይገባኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ነገር በስልክ በነፃ እያለ ሣጥን ለምን ይገዛል? ሼም ነው እንዴ በዩቲዩብ ማየት?

#10 ሰብሳቢው

ሼም አይደለም። ግን ስማ። ያኔ ማክስ ይባል የነበረው የራሳቸው የዋርነር ኦንላይን ቤት በማርች 2025 የድሮዎቹን ሉኒ ቱንስ በሙሉ አወረዳቸው። ባለቤቱ ራሱ፣ ከራሱ ቤት። የከፈሉት ሰዎች ጠዋት ሲነሱ የለም። መደርደሪያዬ ላይ ያለው ግን አሁንም አለ። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ደግሞ ወይ ዳሩ ተቆርጧል፣ ወይ እንዳይያዝ ተገልብጧል፣ ቶም ግራኝ ሆኖ ነው የሚመታው።

ስለ ዳር ካነሳሁ፣ ቶምና ጄሪን ከ1954 ጀምሮ ሰፊ በሆነው ሲኒማስኮፕ መሥራት ጀምረው ነበር። አሮጌው ቴሌቪዥን አራት ማዕዘን ስለነበር ግራና ቀኙን እየቆረጡ ነው ያሳዩን። አስታውሱ፣ ቶም አንዳንዴ ማንም የሌለበት ቦታ ይሮጣል። ጄሪ ነበረ እኮ፣ ከመስታወቱ ውጪ ነው እንጂ።

#11 ዝም_ያልኩ

እኔም ልግባ፣ ሥራዬ ከምስል ጋር ስለሆነ። ሰው «ምስሉ ጥርት ብሏል» ሲል እኔ መጀመሪያ የማየው የቶምን ጺም ነው።

ለምን መሰላችሁ? እነዚህ ካርቱኖች እያንዳንዱ ሥዕል በቀለም ብዕር ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተገለበጠ ነው። መስመሩ የሰው እጅ ነው፣ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ፊልሙ ሲያረጅ ላዩ ላይ አቧራና ጭረት ይከማቻል። ኮምፒውተሩ አቧራን እንዴት ያውቃል? አንድ ምስል ላይ ኖሮ በሚቀጥለው ላይ ከሌለ አቧራ ነው ይላል። ታዲያ ቶም በፍጥነት ሲዞር ጺሙም አንድ ምስል ላይ ነው ያለው፣ በሚቀጥለው ሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ ጺሙን አቧራ ነው ብሎ ይጠርገዋል። ቆም አድርጋችሁ ምስል በምስል እዩት፣ እጁ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ፣ መስመሩ ክፍት ሆኖ ቀለሙ ብቻ ተንሳፎ።

ጥንቸሉ የሚያመሰግነው የሉኒ ቱንስ ጎልደን ኮሌክሽን ሁለተኛው ቅጽ ላይ በአንዳንዶቹ ይሄ ችግር አለ። በ2023 የወጣው የፍላይሸር ሱፐርማን ብሉሬይ ላይም፣ 17ቱም የ1941–43 ካርቱኖች ያሉበት፣ ሰው ያማረረው በዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጭረት ያለበት ኮፒ አንዳንዴ ከታጠበው ይሻላል። የልብስ ሳሙና ሲበዛ ጥለቱንም ያወጣዋል።

የቶምና ጄሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከ1951 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ዋና ኔጋቲቫቸው በእሳት ጠፍቷል። የተረፈው ከሱ የተገለበጠ ኮፒ ነው። ስለዚህ የ1945ቱ ከ1955ቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ለስለስ ያለ ሆኖ ብታዩት አትደነቁ፣ ዲስኩን አትመልሱ።

#12 ቢጫ_ካሴት

እናንተ ሰዎች። ሦስት ቀን ጠፍቼ ነበር፣ ሙከራውን ሠራሁት።

ጋሽ ዴክ እንዳሉት ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ 1.04 አደረግኩት፣ የድምፅ ማስተካከያውን አጥፍቼ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ደወልኩ። ምንም አልነገርኳትም። መጀመሪያ የዲስኩን እንዳለ አሰማኋት፣ ዝም አለች። «ቀጥሎ ይሄን ስሚ» አልኩና የተፋጠነውን ለቀቅኩት። ሦስት ሰከንድ አልሞላም። «ይሄ የኛ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሙዚቃውን አብራ በአፏ መዝፈን ጀመረች፣ ልክ ያ ቴፑ የሚንተባተብበት ቦታ ላይ ስትደርስ እሷም ተንተባተበች። በ30 ዓመት አልረሳችውም። እኔም ረስቼው የነበረው ያንን መንተባተብ ነው፤ አባቴ በፕላስተር የቀጠለው ቦታ ነው።

ባለቤቴ ይሄን ሰምታ «እሺ፣ ልዩነት አለው» ብላለች። ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛው ነገር። ሣጥኑን አዘዝኩት፣ ትናንት ደረሰ። የሩት እናት የጻፍሽውን ስላነበብኩ ልጆቹን አስተኝቼ ብቻዬን ከፈትኩት። የከሰሉ መኪና መጣ። ጄሪ አዞረው። እጄ ሳላዝዘው ባጆን ጠበቀ፣ አልመጣም። ከሰሉ ወረደ። ቶም ጭንቅላቱን አወጣ። ያወራውን ሰማሁ።

አልሳቅኩም። እዚህ አገር 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ያ ለዛ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። በ1994 ባየው ኖሮ ግን እንደ እብድ እስቅ ነበር፣ ያንንም አልክድም። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ነቅታበት ከሰል እያነሳች ስትወረውርበት ትንሽ ደስ አለኝ።

ለልጆቹ ይሄን ዘልዬ ሌሎቹን አሳይቻቸዋለሁ። ትንሿ ቶም ፒያኖ የሚመታበትን አራት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ታላቋ ደግሞ በመሃሉ «አባ፣ አይጧ ለምን ገንዘብ አይከፈላትም?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

#13 የሩት_እናት

ጥሩ አደረግክ። ያኛውን ደግሞ 12 ሲሞላት አብራችሁ እዩት። እኔ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

አይጧ የምትለዋን ልጅ ውደዳት፣ ጠበቃ ትሆናለች።

#14 ጥንቸሉ_ይበልጣል

ፒያኖው የ1947ቱ ነው፣ ኦስካር የወሰደው። ቶም ኖታውን በትክክለኛው ቁልፍ ላይ ነው የሚመታው፣ ፒያኖ የምትችሉ እዩት። በግስ ባኒም በዚያው ሰሞን ያንኑ ሊስት የሚባል የሙዚቃ ሰው የደረሰውን ሙዚቃ ይዞ ፒያኖ የተቀመጠበት አለ፣ ያኔ ሁለቱ ስቱዲዮዎች «ሰረቅከኝ» ተባብለው ነበር። የኔው ቀድሞ ነው የወጣው። ጨረስኩ።

#15 ቢጫ_ካሴት

አንድ የመጨረሻ ነገር። እህቴ ካሴቱን አግኝታዋለች! እናቴ ቤት፣ ከቡፌው ሥር። ቢጫ ወረቀቱ አሁንም አለ። የሚመጣ ሰው ስታገኝ ልትልክልኝ ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ካሴት የሚያጫውት ዴክ ያለው ሰው አለ? ወይም ርካሽ ዴክ ልግዛ?

#16 ጌታው_ዴክ

እዚያ የምታገኘውን ዴክ ዝም ብለህ እንዳትገዛ። የአሜሪካ ዴክ የፓል ካሴት አያነብም፣ ምስሉ እየተንከባለለ ያልፋል። ሁሉንም የሚያነብ ዴክ አለ፣ ጀርባው ላይ ፓል የሚል ተጽፎ ካየህ ብቻ ውሰድ።

ከመክተትህ በፊት ግን ካሴቱን ብርሃን ላይ አድርገህ በመስኮቱ በኩል ቴፑን እየው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጠርዙ ላይ ካለ ሻጋታ ነው። ከከተትከው የዴኩን ራስ ያበላሻል፣ ቴፑም ይቀደዳል። ሻጋታ ካየህ ምንም አትንካው፣ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እንዴት እንደሚጠረግ እነግርሃለሁ። አባትህ በፕላስተር የቀጠሉትን ቦታ ደግሞ ፕላስተሩ ሙጫ ለቆ እንደሆነ እይ፣ እሱም ራሱን ይይዘዋል።

እህትህን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ቴፑን እስከ መጨረሻው ታጠንጥነው በላት። ከሥሩ መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ እርሳስ ትክተትና መቆለፊያው ሲለቅ በጣቷ ታዙረው።